የደሞዝሽ ዓመት 9 ወር ነው፦ በውጭ አገር ቅርጫት ኳስ ለምትጫወቺ እህት የአገር ቤት ጉዳይ መመሪያ

የመጀመሪያ ኮንትራቴን ስፈርም ዓይኔ ያረፈው የወር ደሞዙ ላይ ብቻ ነበር። ከሥሩ ያለችውን መስመር ያነበብኳት በጁን ወር፣ አገር ቤት እናቴ ጋ ተቀምጬ ደሞዝ ይገባል ብዬ ስጠብቅ የቀረብኝ ጊዜ ነው። «ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ፣ በ9 ክፍያ» ትላለች። ክለቡ አልበደለኝም፤ የፈረምኩትን ሰጥቶኛል። እኔ ግን ለቤተሰቤ ቃል የገባሁት ለ12 ወር ነበር። የወንድሜ የትምህርት ክፍያ፣ የእናቴ መድኃኒት፣ የተጀመረው ቤት፣ ሁሉም በየወሩ ይመጣል። የውድድር ዘመን አለቀ ተብሎ የሚቆም የለም።

11 የውድድር ዘመን በአራት አገሮች ተጫውቼ ጫማዬን ሰቅያለሁ። ከሜዳው ይልቅ ያደከመኝ የአገር ቤት ጉዳይ ነው። ብዙው ችግር የመጣው ከዚያች መስመር ነው፤ ገንዘቡ የሚመጣበት ጊዜና ወጪው የሚመጣበት ጊዜ አለመገጣጠሙ፣ እኔም በማልገኝበት ሰዓት ሰዎች በእኔ ስም መወሰናቸው። አሁን ለምትሄዱት ልጆች የማውቀውን ላካፍል። ጠበቃና የግብር ባለሙያ አይተካም፤ ግን ጠበቃው ጋ ስትሄጂ ምን እንደምትጠይቂ ያሳውቅሻል።

ውክልና ሳይነበብ አይፈረም

በረራዬ ሌሊት ነበር። ቀኑን ሙሉ ስሯሯጥ ውዬ፣ ቢሮው ሊዘጋ ሲል ለአንድ ዘመዴ ጠቅላላ ውክልና ሰጠሁ። ጸሐፊዋ ከኮምፒውተሯ የተዘጋጀ ቅጽ አወጣች፣ ስሜን ሞላችና «እዚህ ጋ ፈርሚ» አለችኝ። ፈረምኩ። «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በመያዣነት ለማስያዝ፣ ስም ለማዛወር» የሚለውን ሐረግ ያነበብኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ቤቴ ለሌላ ሰው ብድር መያዣ ሆኖ፣ ብድሩም ሳይከፈል ቀርቶ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ። ዘመዴን ሌባ አልለውም። ተቸግሮ ነበር፣ እኔም ስልክ የማላነሳበት የጨዋታ ሳምንት ነበር፣ ወረቀቱ ደግሞ ይፈቅድለት ነበር። ዕዳውን ግን እኔ ከፈልኩ፤ የአንድ የውድድር ዘመን ቁጠባዬ በዚያው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ጠቅላላ ውክልና ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ውክልና ለአንድ ጉዳይ፣ ለተወሰነ ጊዜ ይሰጣል። ለባንክ ጉዳይ አንድ፣ ቤት ለማከራየትና ኪራይ ለመቀበል ሌላ፣ ፍርድ ቤት ለመቅረብ ሌላ። መሸጥ፣ በስጦታ ማስተላለፍ፣ በመያዣ ማስያዝና ለሌላ ሰው ዋስ መሆን እንደማይችል በግልጽ ይጻፍ። «አልተጠቀሰም» ከሚባል «ተከልክሏል» የሚል ይሻላል። የሚያበቃበትን ቀን ከውድድር ዘመንሽ መጨረሻ ጋር አድርጊው፤ በክረምት ስትመለሺ ሥራው ደህና ከሆነ ታድሺዋለሽ።

ማንን ትወክያለሽ? አደራ የሚጠብቅ ሰው፤ ይህ የታወቀ ነው። እኔ የምጨምረው፣ በአንቺ ገንዘብ የማይተዳደር ሰው ይሁን። ከኪስሽ የሚበላ ሰው ኪስሽን እንዲጠብቅ ማድረግ ፍቅራችሁን ያበላሻል፤ በእሱም ላይ ከባድ ሸክም ነው። እኔ በመጨረሻ ያገኘሁት መፍትሔ ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ የምላት፣ የራሷ ሥራና ደሞዝ ስላላት ክፍያውን ትፈጽማለች። የባንክ መግለጫው ግን በየወሩ በቀጥታ ወደ እኔና ወደ አንድ የሒሳብ ባለሙያ ይመጣል። እትዬ መጀመሪያ ቅር አላት። ከአንድ ዓመት በኋላ ግን «ዕድሜ ለዚህ ወረቀት፣ ማንም አፉን አይከፍትብኝም» አለችኝ። ቁጥጥሩ ለእሷም ከሐሜት መከላከያ ሆነላት።

ውጭ ሆነሽ ውክልና መስጠት ካስፈለገሽ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የአገርሽ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ መሄድ ነው። ሌላው እዚያው ባለሽበት አገር የሰነድ አረጋጋጭ ፊት ፈርመሽ፣ ሁለቱም አገሮች በ1961 የሄግ ስምምነት ውስጥ ካሉ አፖስቲል የሚባለውን ማኅተም ማስመታት ነው። አንዱ አገር ከሌለበት ግን ሰነዱ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና በቆንስላ በኩል በየደረጃው መረጋገጥ ይኖርበታል፤ ሳምንታት ይፈጃል። ክለብሽ ያለው ትንሽ ከተማ ከሆነ ደግሞ ቆንስላው በሰዓታት የባቡር መንገድ ዋና ከተማው ውስጥ ነው፤ የሚሠራውም አንቺ ልምምድ ላይ በምትሆኚበት በሥራ ቀን ነው። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል፤ ከመሳፈርሽ በፊት አገር ቤት ጨርሺው።

ውክልና መሻር ደግሞ ወረቀቱን ከመሻር በላይ ነው። ሻርኩት ብለሽ ለተወካይሽ ብቻ ብትነግሪ ባንኩና የይዞታ ቢሮው አያውቁም፤ አሮጌውን ወረቀት ይዞ የመጣውን ያስተናግዳሉ። መሻሩን ውክልናው ለቀረበበት ቢሮ ሁሉ በጽሑፍ አሳውቂ፣ ያሳወቅሽበትን ቅጂ ያዢ።

ድንገት ልትገኚ የማትችዪበት ጊዜም ይመጣል። ብሪትኒ ግራይነር ከ2014 ጀምሮ ለሩሲያው የየካተሪንበርግ ክለብ ስትጫወት የኖረች፣ መንገዱን በደንብ የምታውቅ ተጫዋች ነበረች። በፌብሩዋሪ 2022 ሞስኮ አየር ማረፊያ ሻንጣዋ ውስጥ የካናቢስ ዘይት ተገኘ ተብላ ተያዘች፤ 9 ዓመት ተፈርዶባት፣ በእስረኛ ልውውጥ የተለቀቀችው ዲሴምበር 8 ቀን 2022 ነው። ለ10 ወር ያህል የቤት ኪራይ፣ ብድር፣ ኢንሹራንስ፣ ግብር የሚባለው ሁሉ ያለ እሷ መሄድ ነበረበት። የአንቺ ምክንያት ቀዶ ሕክምና ወይም የተዘጋ ድንበር ሊሆን ይችላል። የተወሰነ ውክልና የያዘ አንድ ታማኝ ሰው፣ የመለያ ቁጥሮችሽና የሰነዶችሽ ቅጂ የት እንዳለ የሚያውቅ፣ መኖር አለበት። አንድ አገር ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ሌላ አገር ወንጀል ሊሆን እንደሚችልም አትርሺ፤ ሻንጣሽን ራስሽ እሸጊ፣ ሰው ያደርስልኛል ያለውን ዕቃ ተከፍቶ ሳታይው አትቀበይ።

ለ12 ከፍለሽ ላኪ

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የሚከብደው መጽናቱ ነው። ለምሳሌ በ9 ክፍያ 18,000 ዩሮ የተጣራ ቢደርስሽ የወር ገቢሽ 2,000 አይደለም፤ 1,500 ነው። ከዚያች 1,500 ላይ ነው የራስሽ ኑሮ፣ ቁጠባሽና የቤተሰብ ድርሻ የሚከፈለው። ቀሪዋ 500 በየወሩ ወደ ሌላ ሒሳብ ትግባና ደሞዝ በማይገባባቸው ሦስት የክረምት ወራት ቤተሰቡንም አንቺንም ታብላችሁ።

ያልገባ ደሞዝ ደግሞ አትላኪ። በሴቶች ክለቦች ክፍያ መዘግየት የተለመደ ነው። እኔ የምልከው ሁልጊዜ ባለፈው ወር በእጄ ከገባው ነበር፤ ስለዚህ ክለቡ 40 ቀን ቢያዘገይም እናቴ አላወቀችም። ለቤቱ አንድ ቋሚ ቀንና አንድ ቋሚ መጠን ወስኚ። የትምህርት ቤቱን ክፍያ ለትምህርት ቤቱ፣ የሆስፒታሉን ለሆስፒታሉ በቀጥታ ክፈዪ። ለድንገተኛ ነገር የተለየች ትንሽ ሒሳብ ትኑር፤ እሷ ካለቀች እስከሚቀጥለው ወር አለቀች ማለት ነው።

ይህን ለቤተሰብ ማስረዳት ይከብዳል፤ ጋዜጣ የሚያወራው ሌላ ነዋ። በ2015 የየካተሪንበርጉ ክለብ አሜሪካዊቷን ኮከብ ዲያና ታውራሲን በአሜሪካው የሴቶች ሊግ በደብሊውኤንቢኤ ሳትጫወት ክረምቱን እንድታርፍ ከፍሏት፣ እሷም የዚያን ዓመት ውድድር ሙሉ በሙሉ ተወችው። እንዲህ ያለ ዜና የሰማ አጎት የአንቺን ገቢ በዚያ ነው የሚገምተው። እኔ አንድ ቀን እናቴን አጠገቤ አስቀምጬ ኮንትራቴን አነበብኩላት፤ ደሞዙን፣ ወሩን፣ ጉዳት ከደረሰ የሚሆነውን፣ ሁሉንም። ዝም ብላ ሰማችና «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ሩጫ ለዚህ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ብድር የሚጠይቅ ዘመድ ሲመጣ የምትመልሰው እሷ ሆነች። እኔ እምቢ ብል ኩራት ይባልብኝ ነበር። ገቢን መደበቅ ከጥያቄ ያድናል የሚሉ አሉ፤ የእኔ ልምድ ተቃራኒውን ነው ያሳየኝ። ቢያንስ አንድ ሰው፣ ቤት ውስጥ ቃሉ የሚከበር፣ እውነተኛውን ቁጥር ይወቅ።

ለማንም የባንክ ብድር ዋስ ሆነሽ አትፈርሚ። ልትረጂ ከፈለግሽ የምትችዪውን ስጪ፣ ሰጥተሽም እርሺው።

ኮንትራትሽ ውስጥ የአገር ቤት ነገር አለ

በአውሮፓ ብዙ ክለቦች ደሞዝ የሚነጋገሩት በተጣራ ነው። ግብሩን ክለቡ ይከፍላል፣ ቤትና አንዳንዴም መኪና ይሰጣል፣ የአየር ትኬት ይቆርጣል። ይህ ምቾት አንድ ወጥመድ አለው፦ ግብሩ ለመከፈሉ በእጅሽ ምንም የለም። አገር ቤት ባንኩ የገንዘቡን ምንጭ ሲጠይቅሽ፣ የግብር ቢሮው ውጭ ያገኘሽው ላይ ግብር ሲጠይቅሽ፣ ኤምባሲ ቪዛ ሲጠይቅሽ የሚያድንሽ ከክለቡ የሚሰጥ የግብር ክፍያ ማስረጃ ነው። እንደሚሰጥሽ ኮንትራቱ ውስጥ ይጻፍ። አገርሽና የምትጫወቺበት አገር አንድን ገቢ ሁለቴ ላለማስገበር መስማማታቸውንም ጠይቂ። ብዙ አገሮች ነዋሪነትን ሲወስኑ በዓመት ከ183 ቀን በላይ የት እንደቆየሽ ስለሚመለከቱ፣ የገባሽበትንና የወጣሽበትን ቀን መዝግቢ።

ደሞዙን ለሁለት ከፍለው ትንሹን በሠራተኛ ኮንትራት፣ ትልቁን «የምስል መብት»፣ ማለትም በስምሽና በምስልሽ የመጠቀሚያ ክፍያ፣ ብለው በሌላ ወረቀት የሚያቀርቡ አሉ። ሕጋዊ የሚሆንበት አገር አለ። ነገር ግን ስትጎጂ የሚታሰበው ካሣ፣ የጡረታ መዋጮሽና አገር ቤት ብድር ስትጠይቂ የሚታይልሽ ገቢ በአብዛኛው የመጀመሪያዋ ትንሿ ወረቀት ናት። እጅ በእጅ የሚሰጥ ክፍያማ ከነጭራሹ የለም ማለት ነው።

ክፍያ ሲቀር የት ይከሰሳል? በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ በፊባ ሥር በ2007 የተቋቋመ፣ ባት የሚባል የቅርጫት ኳስ የግልግል ዳኝነት አለ፤ መቀመጫው ጄኔቫ ነው። ጉዳዩን ብዙ ጊዜ አንድ ዳኛ በጽሑፍ ይመለከታል፣ የየአገሩን ሕግ ውስብስብ ትቶ በፍትሐዊነት ይወስናል። ውሳኔውን ያላከበረ ክለብ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ፊባ ሊያግደው ይችላል። ግን ባት ጉዳይሽን የሚያየው ኮንትራትሽ ላይ አለመግባባት በባት ይፈታል የሚል አንቀጽ ካለ ብቻ ነው። እሷን አንቀጽ ሳታዪ አትፈርሚ። ክፍያ ይህን ያህል ቀን ከዘገየ ልምምድና ጨዋታ ማቆም እንደምትችዪ፣ ከዚያ በላይ ከዘገየ ኮንትራቱን አቋርጠሽ ቀሪውን መጠየቅ እንደምትችዪም ይጻፍ። የኤጀንትሽ ኮሚሽን ማን እንደሚከፍለው፣ ኤጀንቱም የፊባ ፈቃድ ያለው መሆኑን አረጋግጪ።

ክለብ ሊፈርስም ይችላል፤ ትልቅ መሆኑ አያድነውም። የስፔኑ ሮስ ካሳሬስ ቫሌንሲያ በ2012 የአውሮፓ ሴቶች ዩሮሊግ ዋንጫን አንሥቶ፣ በዚያው ክረምት ፕሮፌሽናል ቡድኑን ዘጋ። ሻምፒዮን ሆነሽ ሥራ ፈት ልትሆኚ ትችያለሽ። አገር ቤት የጀመርሽው ብድር በሚቀጥለው ዓመት ኮንትራት ላይ ተመሥርቶ ከሆነ አደገኛ ነው።

ከአገርሽ ስትወጪ ደግሞ ከቀድሞ ክለብሽ ጋር ያለሽን ውል በትክክል ዝጊ። ከአገር ወደ አገር ስትዛወሪ አገር ቤት ያለው ፌዴሬሽን የመልቀቂያ ደብዳቤ መስጠት አለበት። ያልተዘጋ ውል ካለ ደብዳቤው ይያዛል፤ አንቺም አዲሱ ክለብ ጋ ቆመሽ ጨዋታ ትመለከቻለሽ። ከ18 ዓመት በታች ላለች ልጅ ዝውውሩ ራሱ በልዩ ሁኔታ ካልሆነ በቀር አይፈቀድም። «ልጅሽን እንወስዳታለን» የሚል ሰው ወላጆችን ሲያነጋግር ከሰማሽ ይህን ንገሪያቸው።

ስለ ቤት ግንባታ

አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምንመኘው ቤት ነው። እኔም ጀመርኩ፤ በሁለተኛው ዓመቴ፣ በችኮላ። ሥራውን የሚከታተለው ሰው በየሳምንቱ ፎቶ ይልክልኝ ነበር። አንድ ሰኞ፣ የዕረፍት ቀኔ ስለሆነ፣ የስድስት ሳምንት ፎቶዎችን ደርድሬ ሳያቸው ከግድግዳው ሥር ያለ ሰማያዊ በርሜል በሁሉም ላይ አለ። በርሜሉ ላይ ያለው የውሃ መጠን እንኳ አልተለወጠም። ግድግዳው አንድ ነው፤ የተነሣበት አቅጣጫ ብቻ ነው የተለያየው። የሁለት ወር የሲሚንቶ ገንዘብ ልኬያለሁ።

ስለዚህ ፎቶ አትመኚ። ሳታሳውቂ በቪዲዮ ደውዪና «እስቲ ዞር ዞር በልልኝ» በዪ። ከተቋራጩ ጋር ዝምድና የሌለው መሐንዲስ ቅጠሪ፤ ለጥቂት ጉብኝት የምትከፍዪው ገንዘብ ከሚድንልሽ ጋር አይወዳደርም። ክፍያው በደረጃ ይሁን፤ መሠረት አለቀ ብሎ መሐንዲሱ ሲፈርም የመሠረቱ ይከፈላል፣ ጣሪያው ሲወጣ የጣሪያው። ከጠቅላላው ጥቂቱ እስከ ርክክብ ድረስ በእጅሽ ይቆይ። ዕቃ በአንቺ ስም በወጣ ደረሰኝ፣ ለሻጩ በባንክ ተከፍሎ ይገዛ።

ከሁሉ በላይ ይዞታው በስምሽ ይሁን። «ለጊዜው በወንድምሽ ስም ይሁን፣ አንቺ የለሽም» የሚባለው ነገር ብዙ እህቶቼን አስለቅሷል። ወንድምየው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ያገባል፣ ይፋታል፣ ይሞታል፣ ያኔ ንብረቱ የወራሾች ይሆናል። ከቤተሰብ ጋር በጋራ የምታሠሪ ከሆነ ድርሻችሁን በጽሑፍ አስቀምጡ።

የእኔን ምክር ብትሰሚ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ምንም አትገንቢ። መጀመሪያ ሥራ ቢቋረጥ ለስድስት ወር ያንቺንም የቤትሽንም ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ይኑርሽ።

የጨዋታ ቀን ስልክ

ጨዋታው ሊጀመር 40 ደቂቃ ሲቀረው፣ መልበሻ ክፍል ውስጥ ቁርጭምጭሚቴን እያሰሩልኝ፣ ወንድሜ ደወለ። የጎረቤት አጥር ወደ ግቢያችን ገብቷል፣ ክሰስ ትያለሽ ወይስ ተው? እጄ እየተንቀጠቀጠ ስከራከር አሰልጣኟ አየችኝ። ያን ቀን 4 ነጥብ አስቆጥሬ፣ 6 ኳስ አበላሽቼ ወጣሁ። አጥሩ ግን በማግስቱም፣ በሳምንቱም እዚያው ነበር።

ከዚያ በኋላ ደንብ አወጣን። በጨዋታ ቀን ማንም አይደውልም፤ መርሐ ግብሬን ወቅቱ ሲጀመር ለሁሉም እልካለሁ። በጣም ከባድ ነገር ከመጣ የምትደውለው እትዬ ብቻ ናት፣ እሷም ከጨዋታው በኋላ። የሞት መርዶ ቢሆንስ? እሱንም ተነጋገርንበት። ከባድ ወሬ ነበር፤ ግን በጤናና በሰላም ጊዜ የተነጋገርነው ስለሆነ፣ ቀኑ ሲደርስ ማንም በማንም አልተቀየመም። አንቺ ምናልባት «ወዲያው ንገሩኝ» ትያለሽ፤ ምርጫው ያንቺ ነው፣ ብቻ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ለአገር ቤት ሥራ የዕረፍት ቀንሽን ያዢ። ሰኞ ጧት ለሁለት ሰዓት ያህል፦ ባንክ፣ ኢሜይል፣ እትዬ፣ የሒሳብ ባለሙያው። ሌላው ቀን የኳሱ ነው።

ድንገት ስትበሪ

በፀረ አበረታች መድኃኒት መመዝገቢያ ውስጥ ከገባሽ፣ መርማሪ ሳያሳውቅ መጥቶ እንዲያገኝሽ፣ በየቀኑ የት እንደምትገኚ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ አንዷን ሰዓት መርጠሽ ታሳውቂያለሽ። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ካልተገኘሽ ወይም መረጃውን ካላስተካከልሽ እንደ ጥፋት ተቆጥሮ እስከ 2 ዓመት ልትታገጂ ትችያለሽ። ለቅሶ ሰምተሽ ሌሊት ተሳፍረሽ ስትሄዲ ይህን ማን ያስታውሳል? አየር ማረፊያ ሆነሽ በስልክሽ አድራሻውን ቀይሪ። የመመዝገቢያውን መግቢያ አሠራር ለቡድኑ ሐኪም ወይም ለአንድ ጓደኛሽ አሳዪያት፣ እንድታስታውስሽ።

ከቤት የሚላክ የዕፀዋት መድኃኒት፣ የክብደት ዱቄት፣ «ለጉልበት ጥሩ ነው» የተባለ ነገር ሁሉ ከቡድኑ ሐኪም ሳያልፍ አፍሽ አይግባ። ሰውነትሽ ውስጥ ለተገኘው ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ፤ እናቴ ላከችልኝ ማለት አያድንም።

ጉዳትና እርግዝና

ብሪያና ስቱዋርት በ2018 የደብሊውኤንቢኤ ሻምፒዮንና የዓመቱ ኮከብ ነበረች። በኤፕሪል 2019 ለሩሲያው ዲናሞ ኩርስክ ሐንጋሪ ውስጥ የዩሮሊግ ፍጻሜ ስትጫወት አኪለስ የሚባለው የተረከዝ ጅማቷ ተበጠሰ፤ የዚያን ዓመት የአሜሪካ ውድድር ሙሉውን አጣች። በ2020 ተመልሳ እንደገና ሻምፒዮን ሆነች። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ ሳይሆን አንድ ዓመት ያለ ጨዋታ ማንንም ሊያገኝ ስለሚችል ነው። የጉልበት መስቀለኛ ጅማት መበጠስ በሴት ተጫዋቾች ላይ ከወንዶች ይልቅ ይበዛል፤ መመለሻው ከ9 ወር እስከ ዓመት ይወስዳል።

ኮንትራትሽ ከተጎዳሽ በኋላም ደሞዝ የሚቀጥል፣ ዋስትና ያለው መሆኑን አረጋግጪ። ስትጎጂ ልብሽ ወደ ቤት ይሄዳል፤ እናትሽ አጠገብ ተኝተሽ መዳን ትፈልጊያለሽ። ግን ክለቡ በጽሑፍ ሳይፈቅድ አትሂጂ፤ «ጥላ ሄደች» ተብሎ ክፍያ የቆመባት ጓደኛ አለችኝ። የምርመራ ምስልሽን፣ የቀዶ ሕክምና ሪፖርትሽን ቅጂ ይዘሽ ውጪ። የሕይወትና የአካል ጉዳት ኢንሹራንስሽ ተጠቃሚ ማን እንደሆነ በየዓመቱ እዪ፤ ከስድስት ዓመት በፊት የጻፍሽው ስም ዛሬም ያው ላይሆን ይችላል። ኑዛዜም ጻፊ። 24 ዓመቴ ነው አትበዪ፤ በየሳምንቱ በአውቶቡስና በአውሮፕላን የምትጓዝ ሴት ነሽ።

ስለ እርግዝና ኮንትራቱ ምን ይላል? በደብሊውኤንቢኤ ከ2020ው ስምምነት ጀምሮ ተጫዋች በወሊድ ፈቃድ ሙሉ ደሞዟን ታገኛለች። በሌሎች ሊጎች ግን እርግዝናን ኮንትራት ማቋረጫ የሚያደርግ አንቀጽ አይቻለሁ። ከመፈረምሽ በፊት ይውጣ።

ፓስፖርት ከመቀየርሽ በፊት

ክለቦች የውጭ ተጫዋች ቁጥር ስለሚገደብባቸው ጥሩ ፓስፖርት ያላትን ይወዳሉ። ኤጀንትሽ «ዜግነት ቀይሪ» ሊልሽ ይችላል። ቸኩለሽ አትወስኚ። የአውሮፓ ኅብረት ከአፍሪካ፣ ከካሪቢያንና ከፓሲፊክ አገሮች ጋር በ2000 በተፈራረመው፣ በኋላም በሌላ ስምምነት በተተካው የኮቶኑ ስምምነት ምክንያት እንደ ስፔንና ፈረንሳይ ባሉ ሊጎች የእነዚህ አባል አገሮች ፓስፖርት ያላት ተጫዋች እንደ ሌላው የውጭ ተጫዋች ሳትቆጠር የምትሰለፍበት አሠራር ነበር። ልትጥዪው ያሰብሽው ፓስፖርት ራሱ ዋጋ ያለው ሊሆን ይችላል፤ የሊጉን የወቅቱን ደንብ አስነብቢ።

ብሔራዊ ቡድንም አለ። አንድ ቡድን ዜግነቱን 16 ዓመት ከሞላት በኋላ ያገኘች ተጫዋች ማሰለፍ የሚችለው አንዷን ብቻ ነው። በይፋዊ የፊባ ውድድር 17 ዓመት ከሞላሽ በኋላ ለአንድ አገር ከተሰለፍሽ ደግሞ በጥቂት ልዩ ሁኔታ ካልሆነ ለሌላ አትሰለፊም። ከኳሱም ውጪ፣ ብዙ አገሮች መሬት መያዝን፣ መውረስንና ሒሳብ መክፈትን ከዜግነት ጋር ያያይዛሉ። ዜግነት የለወጠች እህት ከስሟ የወጣ ቤት ስታጣ አይቻለሁ። መጀመሪያ አገር ቤት ጠበቃ ጠይቂ፣ ከዚያ ማመልከቻ ሙዪ።

ክረምቱና ከዚያ በኋላ

አገር ቤት ስትገቢ የመጀመሪያው ሳምንት የቢሮ ሳምንት ይሁን። ሰርግና ጥየቃው ከተጀመረ ቢሮ አትደርሺም። እኔና እትዬ ሁልጊዜ በሁለተኛው ቀን ጧት ጠረጴዛው ላይ የዓመቱን ወረቀት ዘርግተን እንቀመጣለን፤ ደረሰኝ በወሩ፣ ውክልና ከማብቂያ ቀኑ ጋር፣ የይዞታ ወረቀት፣ ኢንሹራንስ። እስከ ማታ ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የሰውና የልምምድ ነው። ልምምዱን አትርሺ፤ ክለቡ ስትደርሺ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሕክምና ምርመራ አለ፣ እሱን ካላለፍሽ ኮንትራቱ ሊቀር ይችላል። ክረምቱን ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ስትሯሯጪ ከርመሽ በከባድ እግር ብትመለሺ ያ ሁሉ ሩጫ ደሞዝሽን ያስከፍልሻል።

አንድ ነገር ልጨምር። በየዓመቱ ክለብ እንቀይራለን፤ በእያንዳንዱ አገር የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ይሰጠናል፣ መዋጮ ይቆረጥልናል፣ ከዚያ ረስተነው እንሄዳለን። አንዳንድ አገሮች የተለያየ ቦታ የተቆረጠውን ጡረታ ለማያያዝ ስምምነት አላቸው፤ ማስረጃው ግን ያንቺ ሥራ ነው። እኔ የ11 ዓመት ሥራዬን ለማስቆጠር ስነሣ የ10ሩን አገኘሁ። የአንዱን ዓመት ማስረጃ የሚፈርምልኝ የለም፤ ክለቡ ፈርሷል፣ ጸሐፊዋ የት እንደገባች የሚያውቅ የለም፣ ቢሮው የነበረበት ሕንፃ ሌላ ድርጅት ገብቶበታል። እስካሁን ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ጨዋታ ማግስት፣ ሻንጣ ከመዝጋትሽ በፊት ወደ ክለቡ ቢሮ ሂጂ፤ የግብር ማስረጃ፣ የመዋጮ ማስረጃ፣ የደሞዝ ዝርዝር፣ የሕክምና ፋይል፣ አራቱንም ማኅተም ያለበት ተቀብለሽ ውጪ። የዚያኑ ዕለት ፎቶ አንሥተሽ ለእትዬሽ ላኪላት።